በመቀናጆ የሚበር አውሮፕላን

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። መቀናጆን በሩቁ የሚያውቅ ሰው ጠብ የሚነሳው በበሬው ጉልበት ወይም በገለባው ይመስለዋል። ዋናው ጠብ ግን የቀን ነው። ዝናቡ ለሁለቱም በአንድ ሌሊት ይጥላል፤ አፈሩም ለሁለቱም በአንድ ጠዋት ይለሰልሳል።

አሜሪካ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው ትንሽ አውሮፕላን የሚገዙ አብራሪዎችንም የሚያነካካቸው ይኸው ነው። በሬው ሴስና 172 ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለበት ቅዳሜ።

የግል አውሮፕላን ሲባል ቱጃር ብቻ ትዝ የሚለው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ አራት መቀመጫ ሴስና ዋጋው ከአዲስ የቅንጦት መኪና ብዙም አይርቅም። ገበያውን አሮጌ የሞላበት ምክንያትም አለ። ከ1956 ጀምሮ የተሠራው 172 እስካሁን ከ44 ሺህ በላይ ተመርቷል፤ በዓለም ላይ በቁጥር የሚስተካከለው አውሮፕላን የለም። ሆኖም በአምራቾች ላይ የሚቀርበው የካሳ ክስና የኢንሹራንሱ ወጪ ሲበዛ፣ ሴስና በ1986 ትንንሾቹን ባለ አንድ ፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች መሥራት አቆመ። በ1994 የወጣ ሕግ የአምራቹን ተጠያቂነት በ18 ዓመት ገደበው፤ ፋብሪካውም ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ጀመረ። በዚያ መሀል ያገለገሉት እንደ አዲስ አበባ ቮልስ እየታደሱ፣ እየተቀቡ፣ ሞተራቸው እየወረደ መብረራቸውን ቀጠሉ።

ገዢ መጀመሪያ የሚሳሳተው መቀመጫ ሲቆጥር ነው። አራት ወንበር አለ ማለት አራት ሰው ይሄዳል ማለት አይደለም። አዲሱ የ172 ዓይነት ሲነሳ እንዲመዝን የተፈቀደለት 1,157 ኪሎ ነው። የራሱ የአውሮፕላኑ ክብደት ሲቀነስ 390 ኪሎ ገደማ ይተርፋል። ታንኩ ሲሞላ 200 ሊትር ያህል ነዳጅ ይይዛል፤ እሱ ብቻውን 145 ኪሎ አካባቢ ነው። ለሰውና ለሻንጣ የቀረው 245 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ደህና የበሉ ጎልማሶች ናቸው። አራተኛው ወንበር የጃኬት ማስቀመጫ ይሆናል።

ከፍታ ሲጨመር ሂሳቡ ይብሳል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ዴንቨር ምድሩ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚንተራሰው አየር ያንሰዋል። በሐምሌ ሙቀት ቀትር ላይ መነሳት ማኮብኮቢያውን እስከ ዳር ሊያስጠቅም ይችላል። በባሕር ዳርቻ ከተማ ተሞክሮ የተወደደ አውሮፕላን እዚያ ሲደርስ ሌላ አውሮፕላን ነው።

ከዚያ መዝገቡ ይመጣል። ቀለም ማንም ይቀባል። ዋናው ነገር የጥገና ሎግ ቡኩ ሳይቋረጥ መገኘቱና፣ ሻጩ ያላመጣው መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ ማየቱ ነው። እዚህ ላይ የመኪና ልማድ ያታልላል። «ብዙም አልበረረም» የሚባለው አውሮፕላን ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፤ ለወራት የቆመ ሞተር ውስጡ እርጥበት ይዞ ይዝጋል። በየሳምንቱ የሚበር ይሻላል። አንድ ሰው ደግሞ፣ ሥራና ልጆች ያሉት ሰው፣ በየሳምንቱ አይበርም።

ሽርክናው የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። የቆመ አውሮፕላን ይበላል። ሃንጋር፣ ኢንሹራንስና በአሜሪካ ሕግ በየ12 ወሩ የሚደረገው ምርመራ በዓመት 12 ሺህ ዶላር ወሰዱ እንበል። 50 ሰዓት ለሚበር ባለቤት፣ ነዳጅ ሳይገዛ ገና፣ ሰዓቱ 240 ዶላር ነው። ሦስት ሆነው እያንዳንዳቸው 50 ከበረሩ ወደ 80 ይወርዳል። ሞተሩም አይዝግም።

ቢሊየነሮች የቅዳሜውን ጠብ በሌላ መንገድ ገላገሉት። ሪቻርድ ሳንቱሊ የሚባሉ የሂሳብ ሰው በ1986 ኔትጄትስ በተባለው አሠራር ጄትን ቆራርሰው መሸጥ ጀመሩ። አንድ አስራ ስድስተኛውን የገዛ በዓመት 50 ሰዓት ይበራል። ብልሃቱ ግን መቆራረሱ አይደለም። የገዛው ጄት ሥራ ላይ ከሆነ፣ ከመንጋው ሌላ ተመሳሳይ ይላክለታል። ባለሀብቱ ዋረን ባፌት ኩባንያቸው በዚያው በ1986 በ850 ሺህ ዶላር ያገለገለ ጄት ገዝቶ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ወጪ ሲነቅፉ ስለኖሩ በራሳቸው ላይ እየቀለዱ ቀጥሎ የገዙትን ጄት «ኢንዲፌንሲብል» አሉት፣ ሰበብ የማይገኝለት እንደማለት። በኋላ የኔትጄትስ ደንበኛ ሆኑ፤ በ1998 ድርጅቱን ራሱን በ725 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለሉት። ጥሩ ንግድ ነው፣ መቀናጆ ግን አይደለም። የጎረቤትን ፊት ማየት የሚባል የለበትም።

ሦስቱ የሴስና ባለቤቶች ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ስለዚህ ውላቸው በጽሑፍ መሆን አለበት። ተራው በሳምንት ቢሆን ይመረጣል፦ ባለሳምንቱ ቅድሚያ አለው፣ ሌላው ደውሎ ይጠይቃል። ከዚያ የሞተሩ ገንዘብ አለ። አምራቹ ይህ ሞተር 2,000 ሰዓት ሲሞላ ወርዶ እንዲታደስ ይመክራል። በበረሩት ሰዓት ልክ እንደ እቁብ ካልተጣለ፣ በ1,900ኛው ሰዓት ድርሻውን ሸጦ የሚወጣው ብልህ ሰው ዕዳውን ለቀሪዎቹ ትቶ ይሄዳል።

ነዳጁም አለ። መልካም አስተዳደግ ያለው ሸሪክ አውሮፕላኑን ታንኩን ሞልቶ ይመልሳል፤ የተዋሱትን መኪና እንደዚያ ነዋ የሚመልሱት። በማግስቱ ባለተራው ሚስቱን፣ ወንድሙንና አማቱን ይዞ ይመጣል። ሲደምረው ከልክ በላይ ነው። የሞላን ታንክ ማጉደል ደግሞ የማለዳ ሥራ አይደለም። የለመዱበት ሸሪኮች ስለዚህ ታንኩ ውስጥ እስካለው ምልክት ብቻ፣ 130 ሊትር ገደማ፣ እንዲሞላ ይስማማሉ። እስከ ሦስት ሰዓት ለሚደርስ በረራ ከነመጠባበቂያው ይበቃል፤ የሚያተርፈው 50 ኪሎ ያህል ነው። ቀጠን ያሉ አማት ከሆኑ ይሄዳሉ።