ሮማን ያገነናት ኮረብታዋ ወይስ ሸክሟን የተሸከመው ሕዝብ?

በቲቤር ወንዝ ዳር፣ በጭቃ በተመረጉና ሣር በለበሱ ጎጆዎች የተቋቋመች አንዲት መንደር በምን ተአምር የሜዲትራንያንን ባሕር ዙሪያ ለመግዛት በቃች? ይህን ጥያቄ የታሪክ መምህራን ብቻ ሳይሆኑ የሠፈር ማኅበር አባሉም ሆነ የፋብሪካው ሠራተኛ ሊያነሣው ይገባል። የምናነሣውም የሩቅ አገር ወሬ ለማወቅ ያህል አይደለም። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው የተሳሳተ መልስ በገዛ አገራችን ላይ ደም አፍስሷልና።

እንደሚታወቀው፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በሮማ ከተማ ከሰገነት ላይ ሆኖ የጥንቱ ግዛት በሮማ ኮረብቶች ላይ ዳግመኛ መነሣቱን አወጀ። ከአክሱም ሐውልቶች አንዱም ተጭኖ ተወሰደና በ1930 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ተተከለ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። የዚህ ሁሉ መሠረተ ሐሳብ አንድ ነበር። ሮማ ገዢ፣ ሌላው ተገዢ ይሆን ዘንድ በዕጣ ፈንታ ተወስኗል፤ ኮረብቶቿም የዚህ ዕጣ ምስክሮች ናቸው የሚል ነበር።

ይህ ታሪክ ሳይሆን ታሪክን የለበሰ ዘረፋ ነው። ሆኖም ስድብ መልስ አይሆንም። ሐሰትን የሚያፈርሰው እውነቱን በማስረጃ አንጥሮ ማውጣት በመሆኑ፣ የሮማን አነሣስ ከሥር ከመሠረቱ መመርመር ይገባናል።

መልክዓ ምድሩ የሰጠውና ያልሰጠው

በመጀመሪያ ለመልክዓ ምድሩ ተገቢውን ድርሻ እንስጠው። ኢጣሊያ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር መካከል የገባች ረጅም ባሕረ ገብ መሬት ናት። በሰሜን የአልፕስ ተራሮች ያጥሯታል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአፔኒን ሰንሰለትም እንደ ጀርባ አጥንት ሆኖ ከሰሜን እስከ ደቡብ ይዘልቃል። በመካከለኛው ኢጣሊያ ተራራው ወደ ምሥራቁ ጠረፍ የተጠጋ ስለሆነ በዚያ በኩል ሜዳውና የመርከብ ማረፊያው ጥቂት ነው። በምዕራብ በኩል ግን ኤትሩሪያ፣ ላቲየምና ካምፓኒያ የተባሉት ሜዳዎች ተዘርግተዋል፤ አፈራቸውም በአብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘ ለም አፈር ነው።

ሮማ የተቆረቆረችው በላቲየም ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከባሕሩ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው። በዚህ ሥፍራ በቲቤር መካከል ያለችው ደሴት ወንዙን ለመሻገር ታመቻለች፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚጓዝ ነጋዴም ሆነ ጦር በዚያ ማለፍ ይቀናዋል። ከወንዙ አፍ የሚወጣው ጨው ወደ ደጋው የሚጋዘው በዚያው በኩል ነበር፤ «የጨው መንገድ» የሚለው ስያሜም እስከ ዛሬ አልጠፋም። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር ለኖረበት ሕዝብ የጨው መንገድን መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይሁንና ይኸው መልክዓ ምድር ለሌሎችም ተሰጥቶ ነበር። ከሮማ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የነበረችው የኤትሩስካውያን ከተማ ቬኢ ለም መሬትና ጠንካራ ምሽግ ነበራት። ካፑዋ ከሮማ የሚበልጥ ለም ሜዳ፣ ታሬንቱም ከሮማ የሚበልጥ ወደብ ነበራቸው። የሮማ ቆላማ ሥፍራዎች ግን ረግረግ ነበሩ፤ ቲቤርም ሲሞላ ያጥለቀልቃቸው ነበር። በቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) 390 ዓመት ገደማ ከሰሜን የመጡት ጎሎች ከተማይቱን ገብተው ሲዘርፉ ሰባቱ ኮረብቶች አላዳኗትም። ስለዚህ መልክዓ ምድር ዕድል ይሰጣል፤ ዕድሉን ወደ ኃይል የሚለውጠው ግን የሰዎች ድርጅትና በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ነው።

ወደ ተራራው የወጡት ተዋጊዎች

እንደ ሮማውያን ትውፊት የነገሥታቱ አገዛዝ የተወገደው በ509 ቅ.ል.ክ. ነው። በንጉሡ ፋንታ በየዓመቱ የሚመረጡ ሁለት ቆንስሎች ተሾሙ። ንጉሡ ቢወርድም ሥልጣኑ ለሕዝቡ አልተላለፈም፤ ፓትሪሽያን በተባሉት ባላባቶች እጅ ገባ እንጂ። ፕሌብ የተባለው ተራው ሕዝብ ያርሳል፤ ጦርነት ሲመጣ መሣሪያውን ራሱ ገዝቶ ይዘምታል። ከዘመቻ ሲመለስ እርሻው ጠፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ይበደራል፤ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተውም በገዛ ሰውነቱ ለአበዳሪው ያድራል። አገር ያዳነው ክንድ በአገሩ ውስጥ በሰንሰለት ይታሰር ነበር ማለት ነው።

በ494 ቅ.ል.ክ. ይህ ሕዝብ፣ የታሪክ ጸሐፊዎቻቸው እንደሚተርኩት፣ አስደናቂ እርምጃ ወሰደ። ቤት አላቃጠለም፤ ደም አላፈሰሰም። ከተማይቱን ለባላባቶቹ ትቶ፣ ከእርሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው «ቅዱስ ተራራ» ወጥቶ ተቀመጠ። ጠላት በየአቅጣጫው በነበረበት በዚያ ወቅት ባላባቶቹ ያለ ተዋጊና ያለ አራሽ ከተማ ባዶ ግንብ መሆኗን ተረዱ።

ሜኔንዩስ አግሪጳ የተባለ ሽማግሌ ተልኮ አንድ ምሳሌ እንደ ነገራቸው ይተረካል። እጅ፣ አፍና ጥርስ በሆድ ላይ አድመው አንመግብም ቢሉ መላው አካል ደከመ፤ ሆድም የተቀበለውን መልሶ ለሁሉም እንደሚያከፋፍል ታወቀ የሚል ነበር። ይህ ምሳሌ ግማሽ እውነት አለው። አንድ አካል መሆን ያለ መተጋገዝ እንደማይቻል ልክ ነው። የዘነጋው ግማሽ ግን ከዚህ ይከብዳል። ሆድ በእርግጥ ያከፋፍላልን? ባያከፋፍልስ እጅ ለማን አቤት ይላል?

ሕዝቡን ከተራራው ያወረደውም ምሳሌው ብቻ አልነበረም። የራሱን ትሪቡኖች፣ ማለት የሕዝብ ጠበቆች፣ የመምረጥ መብት አግኝቶ ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ እጁን ያነሣ ሁሉ የተረገመ እንዲሆን ሕዝቡ ማለ። ትሪቡኑ የሹማምንቱን ትእዛዝ «እከለክላለሁ» ብሎ ማገድ የሚችል ሆነ። የተበደለ ሁሉ ይገባ ዘንድም የቤቱ በር ቀንም ሌሊትም ክፍት መሆን ነበረበት።

ከዚያ በኋላ እርምጃው ቀጠለ። በ451 እና በ450 ቅ.ል.ክ. በባላባቶች ልቡና ውስጥ ተሰውሮ የኖረው ሕግ በአሥራ ሁለት ሰሌዳዎች ተጽፎ በአደባባይ ቆመ። በ367 ከሁለቱ ቆንስሎች አንዱ ከተራው ሕዝብ ሊሆን የሚችልበት መንገድ ተከፈተ። በ326 ገደማ በዕዳ ምክንያት ሰውን ማሰር በሕግ ተወገደ። በ287 የሕዝቡ ጉባኤ የሚያወጣው ውሳኔ ባላባቱን ጨምሮ ሁሉን የሚገዛ ሕግ ሆነ። ከመጀመሪያው ወደ ተራራ መውጣት እስከዚህ ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ቃል እነዚህ ሰዎች በሥራ አሳይተዋል።

ይህን ስንል ሮማ የሕዝብ መንግሥት ነበረች ማለታችን አይደለም። ቆንስሎችን የሚመርጠው ጉባኤ በ193 የድምፅ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ፈረሰኞቹና የአንደኛ ደረጃ ሀብታሞች ብቻቸውን 98ቱን ይዘው ነበር። ፕሮሌታሪ የተባሉት፣ ማለት ከልጆቻቸው በቀር ለአገር የሚያበረክቱት ሀብት የላቸውም የተባሉት ድሆች፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ታጭቀው አንዲት ድምፅ ብቻ ነበረቻቸው። በእኛ ቋንቋ «ወዝአደር» ተብሎ የተተረጎመው «ፕሮሌታሪያት» የተወለደው ከዚህ የሮማ ቃል ነው። ሴቱ ድምፅ አልነበራትም፤ ባሪያውም እንደ ሰው አልተቆጠረም። ያም ሆኖ የተገኘው መብት ግማሽም ቢሆን ለሮማ ኃይል ሰጣት። የሚዋጋው ሰው የሚዋጋለት ነገር አገኘ።

የተሸነፈው ተዋጊ ሲሆን

ይኸው ብልሃት በውጭም ታየ። በ338 ቅ.ል.ክ. ሮማ የላቲን ከተሞችን ኅብረት ድል ካደረገች በኋላ ሁሉንም በአንድ ቀንበር አልጠመደቻቸውም። ለአንዳንዶቹ ሙሉ ዜግነት፣ ለሌሎቹ ድምፅ የሌለው ዜግነት ሰጠች፤ ሌሎቹን በውል አጋር አደረገች። ከአጋሮቿ የጠየቀችው ግብር ሳይሆን ወታደር ነበር፤ ከምርኮውም ያካፍሏቸው ነበር። በ312 የተጀመረው የአፒዩስ መንገድ ሮማን ከካፑዋ አገናኘ። አፔኒን የከፋፈለውን ምድር መንገድና ውል አያያዙት።

የዚህ ውጤት በጦር ሜዳ ታየ። የኤፒሩስ ንጉሥ ፒሩስ በ280 እና በ279 ሁለት ጊዜ ድል አደረጋቸው፤ ነገር ግን እርሱ የሞቱበትን መተካት ሲያቅተው ሮማውያን አዲስ ጦር እያመጡ በ275 ከኢጣሊያ አስወጡት። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ በ225 ሮማና አጋሮቿ ሊያሰልፉ የሚችሉትን ከ700,000 በላይ እግረኛና ወደ 70,000 ፈረሰኛ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ216 የካርታጎው ሐኒባል በካኔ ሜዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቻቸውን በአንድ ቀን ሲደመስስ ካፑዋን የመሳሰሉ ከተሞች ከዱ፤ የላቲን ከተሞች ግን ጸኑ። ሐኒባል ለማሸነፍ ያልቻለው ይህንን ትስስር ነበር እንጂ ኮረብታውን አልነበረም።

የዓባይን ልጅ ውሃ ሲጠማው

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ለእኛ ከመጀመሪያው ይበልጥ አስተማሪ ነው። በ146 ቅ.ል.ክ. ሮማ ካርታጎንና ቆሮንቶስን አጠፋች፤ የተረፉትን በባርነት ሸጠች። ትናንት በግፍ ላይ የተነሣው ሕዝብ ዛሬ የግፍ መሣሪያ ሆነ። ግፉም ተመልሶ ወደ ቤቱ ገባ። ከድሉ የተገኘው ሀብትና ባሪያ ወደ ጥቂቶች እጅ ጎረፈ። ባለጸጎች የመንግሥትን መሬት እየያዙ በባሪያ ያሳርሱ ጀመር። ለዓመታት በባሕር ማዶ የዘመተው ገበሬ ተመልሶ ከእነርሱ ጋር መወዳደር አልቻለም። የገበሬው መመናመን መጠን ዛሬም ተመራማሪዎችን የሚያከራክር ቢሆንም፣ የመሬቱ ጥያቄ ከተማይቱን እንዳናወጣት አያጠራጥርም። ዓለምን ድል ያደረገው ገበሬ መሬት አጣ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

በ133 ትሪቡኑ ጢባርዮስ ግራኩስ ከተወሰነ ልክ በላይ የተያዘው የመንግሥት መሬት ለድሆች እንዲከፋፈል ሕግ አወጣ። የሴኔት አባላትና ጭፍሮቻቸው በዱላ ቀጥቅጠው ከብዙ ተከታዮቹ ጋር ገደሉት። ሰውነቱ እንዳይነካ የተማለለት ትሪቡን በአደባባይ ተገደለ። ወንድሙ ጋይዩስም በ121 ያንኑ ዕጣ ተቀበለ። ኢጣሊያውያን አጋሮች ዜግነት ተነፍገው በ91 ጦር አነሡ፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ በውይይት ሊሰጥ ይችል የነበረው መብት ተሰጣቸው። በ73 በስፓርታኩስ የተመሩት ባሮች ተነሡ፤ በ71 ከተሸነፉ በኋላ 6,000 ምርኮኞች ያ ታላቅ መንገድ ዳር ለዳር ተሰቀሉበት። መሬት ያጣው ወታደርም ተስፋውን ከሕጉ አንሥቶ በጦር አለቃው ላይ ጣለ። ቄሣር በ49 የሩቢኮንን ወንዝ ሲሻገር የተከተለው እንዲህ ያለ ጦር ነበር። በ27 ኦክታቪያን አውግስጦስ ተብሎ ሥልጣንን ሁሉ ጠቀለለ። ሴኔቱ፣ ቆንስሉ፣ የትሪቡኑ ስም ሁሉ እንዳለ ቀረ፤ የትሪቡኑ ሥልጣን ግን ለአንድ ሰው ተሰጠ። በሩ ክፍት የነበረው ቤት ተዘጋ።

እዚህ ላይ ዕጣ ፈንታን ለሚሰብኩ ሁሉ አንድ ጥያቄ እናቅርብ። በ287 የሕዝቡ ውሳኔ ሕግ ሲሆንና በ27 ሥልጣን ወደ አንድ ሰው ሲጠቃለል ቲቤር በዚያው ቦይ ይፈስ ነበር፤ ሰባቱ ኮረብቶችም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ኮረብታው ሁሉን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ለውጥ ከየት መጣ? የተለወጠው ሸክም የሚሸከመውና ሸክሙን የሚያዝዘው ሰዎች ግንኙነት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ትምህርት ለየሠፈራችንና ለየመሥሪያ ቤታችን የቀረበ ነው። በአንድ እድር ውስጥ በየወሩ መዋጮ የሚከፍል፣ ድንኳን የሚተክልና ቃሬዛ የሚሸከም ሰው በስብሰባው ቀን ቃል እንዳይናገር ቢከለከል ያ እድር ምን ያህል ዕድሜ ይኖረዋል? የሸክም ድርሻ ያለው የድምፅ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። የምንሾማቸው ሰዎች በራቸው ለተበደለው ክፍት መሆኑን፣ የተጻፈው ደንብ በሁሉም ፊት የሚነበብ መሆኑን፣ በጋራ የተገኘው በጋራ መከፋፈሉን መጠየቅ አለብን። ስሙ ብቻ ቀርቶ ሥራው የጠፋ ሹመት ሕዝብን እንደማይጠብቅ የሮማ ትሪቡን አወዳደቅ ይመሰክራል።

በሮማ ተተክሎ የነበረው ሐውልት ዛሬ በአክሱም ቆሟል። የቆመው ስለ ዕጣ ፈንታ የተነገረው ሐሰት ስለ ወደቀ ነው። ኮረብታ ለማንም የገዢነት መብት አይሰጥም። ሕዝብን ጠንካራ የሚያደርገው አብሮ መሸከምና አብሮ መወሰን ነው፤ ይህንን የዘነጋ ሁሉ፣ ኮረብታው ሰባትም ይሁን ሰባ፣ ከመውደቅ አይድንም።