እሳት ሳይነሣ የእንጦጦ ባለቤት ማነው?

በሀገራችን የደን እሳት መነጋገሪያ የሚሆነው ደኑ ከጋየ በኋላ ነው፡፡ በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ለሳምንታት ሲነዱ ወታደሩና በጎ ፈቃደኛው ዘመተ፣ ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር የእሳት ባለሙያዎች መጡ፤ የኋላ ኋላ ግን ትልቁን ሥራ የሠራው ዝናቡ ነበር፡፡ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠልም የአካባቢው ሕዝብ በቅጠል እየታገለ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል እስኪደርስ ተጠበቀ፡፡ ፓርኩ አደጋ ከተደቀነባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር፡፡

ቀጣዩ እሳት ከወዴት ሊነሣ እንደሚችል ለመገመት ርቆ መሄድ አያሻም፤ ወደ እንጦጦ ማርያም ቀና ማለት ይበቃል፡፡

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ታድጓታል፤ ውለታው አይካድም፡፡ ነገር ግን ከእሳት ጋር መኖር የለመደ ዛፍ ነው፡፡ ቅጠሉ ዘይት አለው፤ የሚላጠው ቅርፊቱ ፍም ይዞ በነፋስ ይበራል፤ ግንዱ ቢቃጠል ከሥሩ ያቆጠቁጣል፡፡ የሐበሻ ጽድ ግን አንዴ ከተቃጠለ ከጉቶው አያገግምም፡፡ ስለዚህ እንጦጦ ላይ የሚነሣ ቃጠሎ በተራራውና በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ለዓመታት የተደከመባቸውን ሀገር በቀል ችግኞች አጥፍቶ መሬቱን መልሶ ለባሕር ዛፍ ያስረክባል ማለት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1991 ባሕር ዛፍ በበዛበት የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ኮረብታ የተነሣ እሳት 25 ሰዎችን ገድሏል፤ ከ3 ሺሕ በላይ መኖሪያዎችን አውድሟል፡፡ የሽሮ ሜዳና የጉለሌ ቤቶች ከጫካው ምን ያህል እንደሚርቁ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡

የተዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ፡፡ የእንጦጦን ወለል ለዘመናት ሲጠርጉ የኖሩት እንጨት ለቃሚ እናቶች ናቸው፡፡ ጭራሮውን፣ ቅርፊቱንና ደረቁን ቅጠል ለምጣድ ሲያወርዱ፣ እሳት የሚበላውንም አብረው ያወርዱ ነበር፡፡ ወገብ የሚሰብረው ሸክም ይመለስ የሚል የለም፡፡ ነገር ግን ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራው የተጓዥና የሯጭ መዳረሻ ሆኗል፡፡ ለቀማው በቀረበት ሥፍራ ሁሉ ቅጠሉ ይከመራል፤ የሰው እግር ደግሞ ይበዛል፡፡ ሁለቱ ሲገናኙ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃል፡፡

ሕጉስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 ደን ያቃጠለን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ እሥራት ይቀጣ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል፡፡ በሕግ ሙያ እንደቆየሁ ሰው ቅጣት አያስፈልግም አልልም፡፡ ሆኖም ቅጣት ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ አመድ ደግሞ ምስክር አይቆምም፡፡ በቅጣት ብቻ መተማመን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፡፡

የሚያስፈልገው በጋው ሳይጠና የሚሠራ ሥራ ነው፡፡ የእሳት መከላከያ መስመር ይጠረግ፤ በየመንገዱ ውኃ ይዘጋጅ፤ ነፋስ በሚበረታባቸው ደረቅ ቀናት ጫካው ውስጥ የሚያስገቡ መንገዶች ይዘጉ፡፡ እኛ ተጓዦችም ይህን ሳናጉረመርም እንቀበል፡፡ ቅጠሉን የመጥረጉ ሥራ ተራራውን ከማንም በላይ ለሚያውቁት ለእነዚያ እናቶች በደመወዝ ይሰጥ፡፡

ከሁሉ በፊት ግን ፓርኩ፣ የዕፅዋት ማዕከሉ፣ የከተማው እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ ቤተ ክርስቲያኗና ከተራራው ጀርባ ያለው የኦሮሚያ አስተዳደር ማን ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይፈራረሙ፡፡ እሳት የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፡፡ ባለቤቱ ያልታወቀ ኃላፊነት ደግሞ በሕግ ቋንቋም ሆነ በገበሬው ቋንቋ የማንም አይደለም፡፡