ዘርና ልጓም

በአገራችን በአገው ምድር ፈረስ የሚወድ ሰው ብዙ ነውና «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት ከአፍ አይጠፋም። እኔ ግን በዳንግላና በእንጅባራ ልጆች ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን ተረት እቃወማለሁ። ስለ ፈረስ እውነት ይሁን፤ ስለ ሰው ግን ሐሰት ነው።

ባለጸጎች እንዲህ ይላሉ፦ «ድሃ በድህነቱ የሚቀረው በትውልዱ ስንፍና ነው፤ ጐበዝማ እንደ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ይነሣል»። እርግጥ ነው፤ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው መጥተው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻም ምርኮኛ ልጅ ነበሩ። ነገር ግን ወዳጄ ሆይ፥ ሁለቱን ያነሣቸው የንጉሥ ዓይን ነው። ንጉሥ ሳያየው በጭሰኝነት የሞተው ስንቱ ነው?

በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን ገባሩ ከጌታው መሬት ጋር የታሰረ ነበር። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በ1348 ቸነፈር እንግሊዝ ገብቶ ሠራተኛውን ሲጨርሰው፥ የተረፈው ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠየቀ። ወዲያው በ1351 ደመወዝ ከቀድሞው እንዳያልፍ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ድሃ በዘሩ ብቻ ዝቅ ብሎ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልጓም ለምን አስፈለገ?

በእኛም አገር ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ብዙውን ጊዜ ርስት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ንቀትን ግን አዋጅ ብቻውን አይሽረውም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አላወጣም። ከተማሪዎቼ አንዱ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረ፤ በሒሳብ የሚቀድመው አልነበረም። ጓደኞቹ «ቡዳ ነው» ብለው አብረውት አንቀመጥም ቢሉ፥ ጠብ እንዳይነሣ ብዬ ለብቻው ከኋላ አስቀመጥሁት። በሁለተኛው ዓመት ቀረ። እናቱን ገበያ አግኝቼ «ልጁስ?» ብላት «ጭቃ ያቦካልኛል፥ ጋሼ» አለችኝ። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ ከአንድ ጭቃ እንደ ተበጀ የተማርሁ ሰው ዝም ብዬ አለፍሁ።

ያን ልጅ ያስቀረው ዘሩ አይደለም፤ ልጓሙን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። እንግዲህ ዛሬ የምታስተምሩ ልጆቼ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣላችሁ ከፊት አስቀምጡት፤ አብሬው አልቀመጥም የሚለው ይቁም።