ኪዊን እናውቃለን፤ ሰጎናችንንስ?



ጫማውን ሊስትሮ ዘንድ ያስጠረገ ሰው በኪዊ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ላይ የተሳለችውን ወፍ ያውቃታል። አገሯ ኒው ዚላንድ ነው፤ መብረር አትችልም። ቁመናዋ ከዶሮ ባይበልጥም እንቁላሏ የእናቲቱን ክብደት አንድ አምስተኛ ሊደርስ ይችላል። 60 ኪሎ የምትመዝን እናት 12 ኪሎ ልጅ እንደመውለድ ማለት ነው። ጫጩቷ ላባ ለብሳ ትፈለፈላለች፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናትም ሆዷ ውስጥ በቀረው አስኳል ትኖራለች። ሱብሓነላህ!

ይህንን ሰምተን እንደነቃለን፤ ለጓደኛም እንልካለን። ግን የኪዊ ዘመድ የሆነች፣ እንደሷ የማትበር ወፍ በራሳችን ደጅ እንዳለች ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ፣ የይፋት ቆላ አልቆ የአፋር ሜዳ ሲጀምር ያለው የአዋሽ ተፋሰስ የሰጎን አገር ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክና በአለደጌ ሜዳ የምትገኘው የሶማሌ ሰጎን ናት። የወንዱ አንገትና ጭን ሰማያዊ ግራጫ ነው። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብላ ተመዝግባለች፤ ለመጥፋት ከተጋለጡትም ተቆጥራለች። ከምክንያቶቹ አንዱ የእንቁላሏ መዘረፍ ነው።

የሰጎን እንቁላል በዓለም ትልቁ ነው፤ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 24 ያህል የዶሮ እንቁላል ይሆናል። የሚገርመው ግን ከእናቲቱ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። የኪዊ ተቃራኒ ናት።

"ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነላት፣ አንድ እንቁላል ቢወሰድ ምን ይጎዳል?" የሚል አይጠፋም። የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ሰጎኖች ጎጆ ይጋራሉ። በርካታ እናቶች መሬት ላይ በተጫረ አንድ ጉድጓድ ይጥላሉ። ዋናዋ እናት ቀን፣ ወንዱ ሌሊት እየተተካኩ ስድስት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ። ስለዚህ አንድ ጎጆ ያራቆተ ሰው የአንዲትን እናት ሳይሆን የብዙ እናቶችን ልፋት በአንድ ማዳበሪያ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

እንቁላሉን የሚያነሳው ችግር ያለበት እረኛ ሊሆን ይችላል። እሱን ከመውቀሳችን በፊት ገዢውን እንይ። ሳሎኑን ሊያስጌጥበት የሚፈልገው የከተማ ሰው ነው፤ እኛ ነን። ገዢ ከሌለ ማን ይለቅማል?

የኒው ዚላንድ ሰዎች ኪዊያቸው ስትመናመን ዝም አላሉም። ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንቁላሏን ከጫካ ሰብስበው በመሣሪያ ይፈለፍላሉ፤ ጫጩቷ ራሷን ከአውሬ መከላከል እስክትችል አሳድገው መልሰው ይለቃሉ። እነሱ እንቁላል የሚያነሱት ለማትረፍ ነው፣ እኛ ለጌጥ።

እኛ ደግሞ አዲስ ትምህርት አያስፈልገንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ሰው የወፍ እንቁላል ወስዶ ወፏ ራሳቸው ላይ እየተርገበገበች በመጣች ጊዜ፣ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንቁላሏን እንዲመልስላት አዘዋል። በኢሕራም ላይ ሆኖ ሰጎን ለገደለ ሰው ደግሞ ሰሓቦች የፈረዱበት ካሳ ግመል ነው። ግመል ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ለቆላ ሰው መንገር አያስፈልግም። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግም ቢሆን ያለ ፈቃድ በዱር እንስሳት ውጤት መነገድን ይከለክላል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፦ ገበያም ሆነ መንገድ ዳር የሰጎን እንቁላል ቢያቀርቡልህ፣ ቢያቀርቡልሽ አንግዛ። በስጦታም አንቀበል። ጎጆ ያየ ሰውም ቦታውን አያውራ፤ ፎቶውንም አይለጥፍ።

የሩቋን ወፍ በስልክ ማድነቅ ወጪ የለውም። የቅርቧን መተው ግን አማና ነው።