አንድ ስም ለሁለት

አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት «በእንጦጦው ቤተ ክርስቲያን» ነው ብትባሉ፥ ወዴት ትሄዳላችሁ? ማርያምም ራጉኤልም ከዚያው ተራራ ላይ ናቸው። እውነተኛው ማርያም ነው፤ ራጉኤል ደጅ የደረሰ ግን ተሳስቶም አይታወቀው።

ላቴክ በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሰናዳ ተማሪም ይኸው ይገጥመዋል። ምዕራፎቹን በየፋይሉ ለያይቶ ይጽፍና፥ በሁለተኛውም በአራተኛውም ምዕራፍ ላለ ሰንጠረዥ «ውጤት» የሚል አንድ መለያ ይሰጣል። ፕሮግራሙ መለያው መደገሙን ያስጠነቅቃል እንጂ ሥራውን አያቆምም። መለያው ጨርሶ ባይኖር በቁጥሩ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይታተም ነበር። የተደገመው ግን የኋለኛውን ቁጥር ይዞ፥ እውነት መስሎ ይወጣል። ፈታኙም የማይሆን ሰንጠረዥ ገልጦ ተማሪውን ይወቅሳል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፤ መጀመሪያ መለያውን በፋይሎቹ ሁሉ ፈልጉ። አንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ተጠርቶ እንደ ሆነም መርምሩ። ከዚያ በየመለያው ፊት የምዕራፉን ስም ጨምሩ፤ መለያውን የሚጠሩትንም ቦታዎች አብራችሁ አርሙ። በመጨረሻ ፕሮግራሙ ራሱ የፈጠራቸውን ረዳት ፋይሎች ደምስሳችሁ ሁለት ጊዜ አስኪዱት።

ለሁለት ልጆችዋ አንድ ስም የምታወጣ እናት አለች? ለሰንጠረዦቻችሁም እንዲሁ እሰቡላቸው።