የኮንትሮባንድ ሲጋራ መድኃኒቱ የታክስ ቅናሽ አይደለም

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባለ20 ፍሬ ፓኮ ላይ፣ ከማምረቻ ዋጋው 30 በመቶ ሌላ፣ 8 ብር ጣለ። ተቃውሞው «ታክስ ሲጨምር ኮንትሮባንድ ይነግሣል» የሚል ነው። ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ታክስ ሳይከፈልበት ድንበር ጥሶ የገባ ሲጋራ ይረክሳል። ግን ምንም ያልተከፈለበትን ዕቃ በታክስ ቅናሽ ማሸነፍ አይቻልም። ኬንያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየፓኮው ቴምብር እያስለጠፈች ከፋብሪካ እስከ ሱቅ ትከታተላለች። በእኛ ሱቅ በደረቴ ሣጥን ላይ ግን፣ ከማስቲካው አጠገብ፣ አዋጅ 1112/2011 የከለከለው የፍሬ ሽያጭ ይካሄዳል፤ ፓኮው ከገዢው እጅ ስለማይገባ ማስጠንቀቂያውም የቀረጡ ምልክትም አይታይም። ኬላ ላይ ጭነት መያዝ ብቻውን አይበቃም። የገቢዎች ሚኒስቴር ታክሱን ሳይነካ፣ ቁጥጥሩን ከመጋዘን እስከ ችርቻሮ ያድርሰው።