ፈንጂ ቀባሪውና ፈንጂ ጠራጊው

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የአዋጊው ስም በጉልህ ይሰፍራል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሞትን ከውሃና ከአፈር ውስጥ እየለቀመ ያወጣው ሠራተኛ ግን ከኅዳግ አያልፍም። ይህን ሚዛን አንቀበለውም።

እ.ኤ.አ. በ1918 የኢምፔሪያሊስቶቹ ኃይሎች የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች መውጫ ለማሳጣት ከስኮትላንድ ደሴቶች እስከ ኖርዌይ ዳርቻ 70 ሺህ ያህል ፈንጂዎች ባሕር ውስጥ ጠመዱ። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ቆመ፤ ፈንጂው ግን የተኩስ ማቆም ትእዛዝ አልደረሰውም። ዓሣ አጥማጁ ወደ ሥራው ይመለስ ዘንድ አሜሪካ «ላፕዊንግ» በሚል መጠሪያ የሚታወቁትን፣ 57 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውንና በወፎች ስም የተሰየሙትን ፈንጂ ጠራጊ መርከቦች አሰማራች። ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን እየተጓዙ በመካከላቸው የብረት ገመድ ውሃ ውስጥ ይጎትታሉ፤ ገመዱ የፈንጂውን ማሰሪያ ሲበጥሰው ፈንጂው ይንሳፈፋል፤ ከዚያም በጠመንጃ ይመታል። ዳሩ ግን ፈንጂው የመዳብ ሽቦ ነበረውና የብረት መርከብ ሲነካው ይፈነዳ ነበር። በመሆኑም የመጀመሪያው ሙከራ የተካሄደው በሁለት የእንጨት ባለ ሸራ ጀልባዎች ነው። የሃያኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲስ የቀበረውን ለማውጣት ወደ አያቶቹ ጀልባ መመለሱን ልብ ይሏል!

በ1919 ግንቦት የ«ቦቦሊንክ» አዛዥ ፍራንክ ብሩስ በፍንዳታ ሞተ። በሐምሌ «ሪቻርድ ባልክሊ» ሰጥማ 7 ሰዎች አለቁ፤ አዛዧ ፍራንክ ኪንግ ለአንድ መርከበኛ የመንሳፈፊያ ትጥቅ አስሮለት እርሱ ሰጠመ። ሁሉም የሞቱት በሰላም ዘመን ነው።

ዋጃ ባሕር የላትም። ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተመላለሰበት በቆቦና በራያ ቆላ ማሳው ራሱ እንደዚያ ባሕር ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደውን የኦታዋ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ግን ሳይፈነዳ የቀረውን የመድፍ አረር አይመለከትም። ታዲያ ማን ይጥረገው? ማሽላ አጫጁ በማጭዱ? እረኛው በዱላው?

የተዋጋ ወገን ሁሉ የት እንደቀበረና የት እንደተኮሰ መዝገቡን ማስረከብ አለበት እንላለን። የፈንጂ አምካኙም ሥራ ከመንገድና ከትምህርት ቤት ጥገና እኩል በጀት ይያዝለት፤ ተማሪው ወደዚያ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚያው ማሳ አቋርጦ ነውና። የቀበሌ ማኅበራት አባላትም የሚጠብቃቸው ተግባር አለ፦ እንግዳ ብረት የታየበትን ስፍራ በሩቁ ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ማስታወቅ፣ ማንም እንዳይነካው መከልከል፣ በተለይም ቁርጥራጭ ብረት ለቅመው የሚሸጡ ሕፃናትን ከዚያ ማራቅ።